የጠዋቱ ማሽን፣ የከሰዓቱ ጀበና

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የልጆቹ ሰርቪስ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ከኮንዶሚኒየማችን በር ይደርሳል። ምሳ ዕቃው አልተሞላም፤ የትንሿ ልጄ አንድ እግር ካልሲ ጠፍቷል፤ ባለቤቴ ሸሚዙን እየተኮሰ ነው። በዚህ ሰዓት ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ጀበና ጥዶ መጠጣት ይታሰባል? እርስዎም ሥራና ልጅ ያለዎት ከሆነ መልሱን ያውቁታል። የብዙዎቻችን የጠዋት ቡና ቢሮ ከደረስን በኋላ በጥድፊያ የምንጠጣው ማኪያቶ ነው።

እኛ ቤት ይህ የተለወጠው ባለፈው ዓመት ለገና ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ስትመጣ የሻንጣዋን ግማሽ የያዘ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። «ጠዋት ጠዋት ስትሯሯጪ በቪዲዮ እያየሁሽ ነው የገዛሁት» አለችኝ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ኮፊ ሜከር ነው፤ ያውም ከውዶቹ መደብ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ300 ዶላር በላይ ከሚሸጡት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ጽሑፌ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ የማሽኔን ስም አልጠራም። ከዓመት በላይ አብሬው ስለኖርኩ ግን ምን እንደሰጠንና ምን ሊወስድብን እንደነበር ላጫውትዎ።

ያ ሁሉ ዋጋ ለምንድን ነው?

የኮፊ ሜከር አሠራር ቀላል ነው። ውሃ በማጠራቀሚያው ይሞላሉ፤ የተፈጨ ቡና በወረቀት ማጥለያ ውስጥ ያደርጋሉ፤ ቁልፉን ይጫናሉ። ማሽኑ ውሃውን አሙቆ በቡናው ላይ ያንጠባጥባል፤ የተጣራው ቡና ከሥር ባለው ማንቆርቆሪያ ይጠራቀማል።

ቡናን በወረቀት የማጥለሉ ሐሳብ ከአንዲት እናት ማዕድ ቤት የወጣ ነው። ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል የጀርመኗ የድሬስደን ከተማ ነዋሪ የቡናው አተላና ምሬት ሲያስቸግራት የናስ ዕቃ ሥሩን በሳስታ፣ ከልጇ ደብተር የቀደደችውን የቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፈችበት። ይህን ፈጠራዋን እ.ኤ.አ. በ1908 አስመዝግባ ከባለቤቷ ጋር ድርጅት አቋቋመች። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኮፊ ሜከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እዚያው ጀርመን ተወለደ።

ታዲያ ርካሹና ውዱ በምን ይለያያሉ? ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ርካሹ ማሽን ብዙ ጊዜ ውሃውን በቅጡ ሳያሞቅ ያፈስሰዋል፤ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ እያንጠባጠበ የቀረውን ቡና ደረቅ ይተወዋል። በስፔሻሊቲ ቡና ባለሙያዎች መመዘኛ ግን ውሃው ቡናውን ሲያገኘው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ውሃውና ቡናው አብረው የሚቆዩትም ከ4 እስከ 8 ደቂቃ ነው። ውዶቹ ማሽኖች ጠንካራ ማሞቂያ ያላቸው ይህን ሙቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠብታ ለመያዝ ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበቤ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢያወጡ በእኛ ማዕድ ቤት ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት አያገኙም። ርካሽ ማሽን ከዚህም ላይ ጥቂት ዲግሪ ቢቀንስ ቡናው ውሃ ውሃ ይላል። ጀበና በዚህ አይቸገርም፤ ዱቄቱ ከውሃው ጋር አብሮ እየፈላ በቂ ጊዜ ያገኛልና።

የመጀመሪያው ወር ስህተቶቻችን

የመጀመሪያው ስህተት የኤሌክትሪክ ነበር። የአሜሪካ ኃይል 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። ባለቤቴ ሶኬቱን በማስማሚያ ሊሰካው ሲል ያስቆመው ከማሽኑ ሥር የተጻፈውን ሲያነብ የነበረው የ10 ዓመት ልጃችን ነው። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ሆነ። እዚያም ላይ ልቆጥብ ብዬ ትንሹን ገዛሁ። ማሽኑ እንደ ካውያ ወደ 1,400 ዋት ይስባል፤ ትንሿ ትራንስፎርመር በሁለተኛው ቀን ግላ መሽተት ጀመረች። በመጨረሻ የ2,000 ዋቱን ገዛን። የእንጀራ ምጣድና ኮፊ ሜከር በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ብሬከሩ እንደሚወርድም በዚያው ሰሞን ተማርን።

ሁለተኛው ስህተት አፈጫጨት ነበር። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ለጀበና እንጂ ለወረቀት አይሆንም። ደቃቁ ዱቄት የማጥለያውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ውሃው መውረጃ አጥቶ ሞልቶ ፈሰሰና ጠዋታችን በመወልወያ አለፈ። ለድሪፕ የሚስማማው የስኳር ቅንጣት የሚያህል አፈጫጨት ነው።

ሦስተኛው አቆላሉ ነው። ለጀበና ጠቆር አድርገን የምንቆላው ቡና በማሽን ሲጠልል ምሬቱ ብቻ ይወጣል። ከእሳቱ ቀደም ብሎ የወጣ፣ ቡናማ መልክ ያለው ቡና ግን ሌላ ነገር ነው። የታጠበ ይርጋጨፌ በዚህ መንገድ ስናፈላ የአበባና የሎሚ ሽታው ከሳሎን ይሰማል። ዕድሜ ልኬን ቡና ጠጥቼ ይህን ጣዕም ያወቅሁት በዚያ ጠዋት ነው።

አራተኛው ልክ ነው። ማሽኑ ላይ «10 ሲኒ» ተብሎ ቢጻፍም በፋብሪካዎቹ አቆጣጠር አንዱ ሲኒ 125 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከእኛ የጀበና ሲኒ ይበልጣል፣ ከቢሮ ኩባያ ደግሞ ያንሳል። ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ያህል ቡና ይበቃል። በዚህ ሂሳብ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና 16 ሊትር ይወጣዋል። የማኪያቶ ወጪዬን ከዚህ ጋር ሳስተያየው ማሽኑ ራሱን እየከፈለ መሆኑ ገባኝ፤ ቢዝነስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሂሳብ ሲሳካለት ደስ ይለዋል።

በሂሳቡ ያልገባው

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። እንግዳ ሆና የመጣችበትን ሰፈር የለመደችው በቡና ነው። 9 ሰዓት ሲሆን ብረት ምጣዱን ትጥዳለች፤ የቡናው ሽታ በኮሪደሩ ሲሄድ በሮች ይከፈታሉ። የፎቁ እናቶች ከእነሕፃናቶቻቸው፣ አንዳንዴም ጡረተኛው ጎረቤታችን ከእነጋዜጣቸው ይመጣሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ 11 ሰዓት ይሆናል።

እኔ በማሽኑ ደስ ሲለኝ ደግ የሠራሁ መስሎኝ አንድ ነገር አደረግሁ። ጠዋት ካፈላሁት ላይ አንድ ፔርሙዝ እየሞላሁ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ጭስ ውስጥ አትድከሚ፤ ዓይንሽንም ያምሻል። ከዚህ እየቀዳሽ ጠጪ» ብያት እሄድ ጀመር። አልተቃወመችም። ልጅ በፍቅር ያመጣውን ነገር የሚገፋ እናት የለም። «ጥሩ ነው ልጄ፣ ሻይ ሻይ ይላል እንጂ» አለችኝና ሳቅን።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ስብሰባ ተሰርዞ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስገባ እናቴ ብቻዋን ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሲኒዋ ውስጥ ያለው ቡና ቀዝቅዟል።

«ጎረቤቶቹስ?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልጥራቸው? ፔርሙዝ ከፍቼ ኑ ልበል?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት የባሰውን ሰማን። ከእኛ ሦስት በር አልፋ የምትኖረው ጎረቤታችን ወንድሟ ክፍለ ሀገር አርፎባት፣ ሄዳ ቀብራ ተመልሳለች። የፎቁ ሰው ሁሉ ደርሷት የእኛ ቤት ብቻ አልሰማም። ቡና ሲጠጣ ቢሆን በማግሥቱ እንሰማ ነበር። እናቴ የሰማችው በዘጠነኛው ቀን፣ ያውም ደረጃ ላይ ነው። ይህቺ ሴት እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ሾርባ በሳህን ይዛ ስትመላለስ የከረመች ናት። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አንድም ቃል ሳትናገር ከቤት ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። ጎረቤታችን አልተቆጣችንም። እጃችንን ይዛ «ቡናውን ስትተዉ ጊዜ ሰው የሰለቻችሁ መሰለኝ» አለች፤ ከዚያ ሌላ አልተናገረችም።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥራዬ ሰው መጥራት ነው፤ ቢልቦርድ፣ ሬዲዮና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በጀት እያስያዝኩ ሰው እጠራለሁ። የእናቴ የቡና ሽታ ግን ያለ ምንም በጀት አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው ይጠራ እንደነበር አላስተዋልኩም። እኔ ቡናውን የቆጠርኩት በሊትርና በደቂቃ ነው፤ በዚያ ሂሳብ ማሽኑ ያሸንፋል። ለእናቴ ግን የመቁላቱና የመውቀጡ ድካም ሰው የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ድካሙን ላስቀርላት ስል ሰዎቿንም አስቀረሁባት።

ማሽኑ ጥፋተኛ ነው? አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ጥፋቱ የጠዋቱን መፍትሔ ለከሰዓቱም መስጠቴ ነው።

ከማሽኑ ጋር የታረቅንበት መንገድ

በማግሥቱ ፔርሙዙን አጥቤ ቁምሳጥን ውስጥ መለስኩት። ማሽኑ የጠዋት ብቻ ሆነ። እናቴም 9 ሰዓት ላይ ብረት ምጣዷን ጣደች። ያን ቀን ሁለት ሰው ነበር የመጣው አሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ቤቱ እንደ ድሮው ሞላ። ያቺ ጎረቤታችን የመጣችው በአራተኛው ቀን ነው። እናቴ አቦሉን ቀድማ ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴ ስትቆላ «ያንቺ ማሽን የሚወደው የቱን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት ጀምሮ ገና ቡናማ ሳለ አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ምጣድ ሁለት ቡና ይቆላል። ጠሽታው ጋብ ሲል ለማሽኑ የሚሆነውን በማንኪያ ታወጣና በሰፌድ ታናፍሰዋለች፤ የቀረውን ለጀበናዋ እስኪጠቁር ታቆየዋለች። የማሽኑ ቡና ቢያንስ አንድ ቀን አርፎ ነው የሚፈጨው፤ የተቆላ ቡና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጋዝ ስለሚያወጣ ውሃው በደንብ እንዳይገባው ያደርጋል።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ከአሜሪካ የመጣው የወረቀት ማጥለያ አለቀ። ሰነፍ ብልሃት አላጣሁም፤ ሶፍት አጥፌ ሞከርኩ። ሶፍቱ ረጥቦ ተቀደደና ማንቆርቆሪያው አተላ በአተላ ሆነ። እናቴ ምንም ሳትለኝ ከአቡጀዲ ጨርቅ ቆርጣ በማጥለያው ልክ ሰፋችልኝ። በጃፓንና በኮስታሪካም ቡናን በጨርቅ ማጥለል የቆየ ልማድ ነው። አዲሱን ጨርቅ መጀመሪያ በውሃ መቀቀል፣ ከተጠቀሙ በኋላ ያለ ሳሙና አጥቦ ማድረቅና በየጊዜው መቀየር ያስፈልጋል። የቡናው ቅባት ከወረቀቱ ይልቅ በጨርቁ በኩል ስለሚያልፍ ጣዕሙም ወፈር ይላል። እንዲያውም ባለቤቴ የእናቴን ማጥለያ ይመርጣል።

እናቴ ግን እስከ ዛሬ የማሽኑን ቡና «ሻይ» ነው የምትለው። ጠዋት ስንጣደፍ በሩ ላይ ቆማ «ሻያችሁን ጠጥታችሁ ሂዱ፤ ቡናው ከሰዓት ነው» ትለናለች። ቅዳሜና እሑድ እኛም እንደርስበታለን።

እርስዎም ሊገዙ ካሰቡ

• ቮልቱን አስቀድመው ይዩ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣልዎ ከሆነ 120 ቮልት መሆኑ አይቀርም፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ከእኛ ኃይል ጋር ይስማማል። ትራንስፎርመር ካስፈለገዎ አቅሙ ከማሽኑ ዋት በደንብ የሚበልጥ ይሁን።

• ለመፍጫም ገንዘብ ይያዙ። በምላጭ የሚከታትፈው መፍጫ ግማሹን ደቃቅ፣ ግማሹን ሻካራ ያደርገዋል። በሁለት ጥርስ መካከል የሚፈጨው በእጅ የሚዞርም ቢሆን የተሻለ ነው። ከታወቀ ቆዪ ሲገዙ ደግሞ «ለድሪፕ ፍጩልኝ» ማለት ይችላሉ።

• ማጥለያውን አስቀድመው ይግዙ። የማሽንዎን ልክ ቁጥር ይወቁ፤ ለምሳሌ ብዙዎቹ ትልልቅ ማሽኖች ቁጥር 4 ይጠቀማሉ። መንገደኛ ዘመድ ሲገኝ ማጥለያ ቀላል ዕቃ ነው፤ ለማምጣት ማንም አይከብደውም።

• ቡናውን ማሞቂያው ላይ አያቆዩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መምረር ይጀምራል። ቀስ ብለው የሚጠጡ ከሆነ ማንቆርቆሪያው ራሱ ሙቀት የሚይዝ ማሽን ይምረጡ።

• ጽዳቱን አይርሱ። ውሃ ማፍያ ላይ የሚያዩት ነጭ ቅርፊት ማሽኑም ውስጥ ይጋገራል። በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ በሲትሪክ አሲድ ወይም በተበረዘ ኮምጣጤ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ያስሩጡት።

• መብራት ሲጠፋ አይደናገጡ። በጋዝ ምድጃ ውሃ አፍልተው ማጥለያው ላይ በእጅዎ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ቤንትዝም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

• ጤናንም ያስቡ። ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል የሚባለውን ካፌስቶል የተባለውን የቡና ቅባት አብዛኛውን የወረቀት ማጥለያ ያስቀረዋል፤ ሳይጣራ ተፈልቶ በሚጠጣ ቡና ውስጥ ግን ይበዛል። በሌላ በኩል የድሪፕ ኩባያ ትልቅ ነው። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ 95 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው፤ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ችግር እንደሌለው ይመከራል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከዚያ በጣም ያነሰ መሆን ስላለበት ሐኪምዎን ያማክሩ።

እነዚህን ሁሉ ማንም ሻጭ ሊነግርዎ ይችላል። እኔ የምጨምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁት። በቤትዎ ቡና የሚያፈላው ማን ነው? እሱን ቡና ብሎ የሚመጣውስ? ጠዋት ብቻዎን ቆመው የሚጠጡት ከሆነ ማሽኑ ከልብ ይጠቅምዎታል፤ እኔም አንድ ቀን አልተጸጸትኩም። ቤትዎ ውስጥ ግን ከሰዓት ብረት ምጣድ የምትጥድ እናት ካለች፣ ማሽኑን ከጀበናዋ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ስልክዎን አስቀምጠው አጠገቧ ይቀመጡ፤ በሩንም ገርበብ ያድርጉት።